ብቸኛ ቍጥሮችን በደቦ ስለ መፈለግ

የዕውቀት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በታላላቅ ሊቃውንት ስም ነው። አንዱ ሊቅ አንድ ነገር ገለጠ፣ ሌላውም ከእርሱ ተቀብሎ አሰፋው ይባላል፤ በመካከሉ ደክመው ምንም ሳያገኙ ስላለፉት ሰዎች ግን የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው። ብቸኛ ቍጥሮችን የመፈለግ ታሪክም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ሲጻፍ ኖሮ፣ ከ1996 ወዲህ መልኩን ለወጠ። ፍለጋው የአንድ ሊቅ ሥራ መሆኑ ቀርቶ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ፈቃደኞች ኮምፒዩተራቸውን እያዋሱ የሚሠሩት ደቦ ሆነ። በዚህ የመምህራን ማኅበር መታሰቢያ መጽሐፍ ስለዚሁ ጉዳይ ለመጻፍ የመረጥሁት ለሒሳብ መምህራን ብቻ ይጠቅማል በማለት አይደለም፤ ፍሬው በስማቸው ስለማይጠራላቸው ሠራተኞች ድካም የሚያስተምረን ነገር ስላለው ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብቸኛ ቍጥር ማለት ከ1 የሚበልጥ ሆኖ በ1ና በራሱ ካልሆነ በቀር ያለ ትርፍ የማይካፈል ቍጥር ነው። ይህን በምጽፍባት በሐርጌሳ፣ በዋሄን ገበያ፣ አንድ ነጋዴ 12 ጣሳ ወተት ቢኖረው በ3 ረድፍ አራት አራት፣ ወይም በ2 ረድፍ ስድስት ስድስት አድርጎ ሊደረድረው ይችላል። ጣሳው 13 ቢሆንበት ግን ሁሉንም በአንድ ረድፍ ካላቆመው በቀር ረድፎቹ እኩል አይሆኑለትም። እንግዲህ 13 ብቸኛ ቍጥር ነው። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 17ና 19ም እንዲሁ ናቸው።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ሊቃውንት ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ንዑስ ቀመር 19 ዓመት፣ ማዕከላዊ ቀመር 76 ዓመት፣ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው። 19 የጨረቃና የፀሐይ ሒሳብ የሚገናኝበት ዙር ነው፤ 4 የሠግር ዓመት፣ 7ም የሳምንት ዕለታት ዙር ነው። 19 በ4 ሲባዛ 76፣ 76ም በ7 ሲባዛ 532 ይሆናል። እነዚህ ሦስት ዙሮች ከ532 ዓመት በፊት አንድ ላይ የማይገጥሙት፣ ለሦስቱ ቍጥሮች በየሁለቱ ሲታዩ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ነው። ደብተራው «ብቸኛ ቍጥር» የሚለውን ስም ባይጠቀምበትም፣ የ7ንና የ19ን ጠባይ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል።

ባሕረ ሐሳብን የደረሰው ድሜጥሮስ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት እንደ ነበረ በትውፊታችን ይነገራል። የብቸኛ ቍጥሮች ምርመራም የሚመዘዘው ከዚያችው ከተማ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ አውክሊድስ ብቸኛ ቍጥሮች መጨረሻ እንደሌላቸው አስረዳ። ከእርሱም በኋላ በዛሬዋ ሊቢያ በምትገኘው በቀሬና የተወለደውና የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የነበረው ኤራቶስቴንስ ብቸኛውን ካልሆነው የሚለይበትን ዘዴ አወጣ። ቍጥሮቹን በተራ ጽፎ የ2ን፣ ቀጥሎ የ3ን፣ ቀጥሎም የ5ን ብዜቶች እየሰረዙ መሄድ ነው፤ ሳይሰረዝ የቀረው ብቸኛ ይሆናል። እህል በወንፊት እንደ መንፋት ያለ ስለሆነ «የኤራቶስቴንስ ወንፊት» ተብሎ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤት ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ወንፊቱ ለትልልቅ ቍጥሮች አይበቃም። በ1644 ማሪን መርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ ወደ ልዩ ዐይነት ቍጥሮች ትኩረት ሳበ። እነዚህም ሁለቶችን እርስ በርሳቸው ካባዙ በኋላ ከብዜቱ 1 በመቀነስ የሚገኙ ናቸው። ለምሳሌ አምስት ሁለቶች ሲባዙ 32 ይሆናል፤ 1 ሲቀነስ 31፣ ይኸውም ብቸኛ ነው። አሥራ አንድ ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ግን 2047 ይሆናል፤ ይህም 23 በ89 ተባዝቶ የሚገኝ ስለሆነ ብቸኛ አይደለም። መርሴን እስከ 257 ሁለቶች ድረስ ብቸኛ ናቸው ያላቸውን በዝርዝር አወጣ፤ ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ያለ ቦታቸው ገብተው፣ ሦስት ደግሞ ቀርተው ነበር። ይህን ስሕተት ለማረም ከ250 ዓመት በላይ ፈጀ።

በዚህ ዘመን ሥራው የተሠራው በወረቀትና በብዕር ነው። በ1772 ኦይለር 31 ሁለቶች የሚሰጡት 2,147,483,647 ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ። በ1876 ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ 39 አኃዝ ያለውን የ127 ሁለቶችን ቍጥር አገኘ፤ እስከ 1951 ድረስም የሚበልጠው አልተገኘም። በ1883 ኢቫን ፔርቩሺን የተባለ ሩሲያዊ ቄስ መርሴን የዘለለውን የ61 ሁለቶችን ቍጥር ብቸኛነት ገለጠ። በጥቅምት 1903 ደግሞ አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል በኒው ዮርክ በሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ፊት ወጥቶ፣ 67 ሁለቶች የሚሰጡት ቍጥር 193,707,721 በ761,838,257,287 ተባዝቶ እንደሚገኝ በሰሌዳ ላይ በዝምታ አሳየ። ኮል ያገኘው ብቸኛ ቍጥር አይደለም፤ ብቸኛ ተብሎ የተጻፈው ብቸኛ እንዳልሆነ ነው ያሳየው። ይህ ሥራ «አይደለም» የሚለው መልስም ዕውቀት መሆኑን ስለሚመሰክር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላ ፍጥነቱ ተለወጠ። በጥር 30 ቀን 1952 ራፋኤል ሮቢንሰን ባዘጋጀው መመሪያ በሎስ አንጀለስ የነበረው ኮምፒዩተር በአንድ ቀን ሁለት አዲስ ብቸኛ ቍጥሮች አገኘ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ የታላላቅ መኪናዎች ባለቤት የሆኑ ተቋማት ሆነ። በ1978 ግን ሎራ ኒከልና ላንደን ኖል የተባሉ የካሊፎርኒያ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ በአቅራቢያቸው ባለ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ተፈቅዶላቸው 6,533 አኃዝ ያለው ብቸኛ ቍጥር አገኙ። የተማሪዎቹ ትጋት ብቻ ሳይሆን መኪናውን የፈቀደላቸውም ተቋም ቸርነት መታሰብ ይገባዋል።

ደቦው የተጀመረው በጥር 1996 ነው። ጆርጅ ዎልትማን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ መርሴን የጠቀሳቸውን ዐይነት ቍጥሮች የሚመረምር ፕሮግራም ሠርቶ ለፈለገ ሁሉ በነጻ ሰጠ። በ1997 ደግሞ ስኮት ኩሮውስኪ ሥራውን ለየሰዉ የሚያድል ማእከላዊ ኮምፒዩተር አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ማእከሉ ለእያንዳንዱ ፈቃደኛ ያልተመረመረ ቍጥር ይሰጠዋል። የፈቃደኛው ኮምፒዩተር ባለቤቱ በማይሠራበት ጊዜ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ያሰላል፤ ሲጨርስ ውጤቱን ይመልሳል፤ ከዚያም ሌላ ቍጥር ይቀበላል። ስሕተት እንዳይገባም ለብዙ ዓመታት አንዱ ያሰላውን ሌላው ደግሞ እንዲያሰላው ይደረግ ነበር። የሁለቱ ውጤት ካልተስማማ ሦስተኛ ይሰጠዋል።

የገበሬ ደቦ ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። በሐርጌሳም በአፕሪል 1 ቀን 2022 ሌሊት ዋሄን ገበያ በእሳት በወደመ ጊዜ ከከተማው ሕዝብና በውጭ አገር ከሚኖሩ ተወላጆች መዋጮ ተሰብስቧል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በእርሻና በገበያ ደቦ የአንዱ ድካም ከሌላው ጋር ተደምሮ ይታያል። በቍጥር ፍለጋ ግን አንዱ ብቻ ያገኛል፤ የሌሎቹ ድካም ከዝርዝር ላይ ቍጥር በመሰረዝ ያልቃል።

ኮምፒዩተሩ ለብዙ ዓመታት ይሠራው የነበረው ሒሳብ ሉካስ የጀመረው፣ ሌመርም በ1930 አካባቢ ያቃናው ነው። በ31 ላይ እንየው። ከ4 እንነሣለን፤ በራሱ አባዝተን 2 ስንቀንስ 14 ይሆናል። 14ን በራሱ አባዝተን 2 ስንቀንስ 194 ነው፤ ለ31 ሲካፈል ትርፉ 8 ይሆናል። 8ን በራሱ አባዝተን 2 ስንቀንስ 62፤ ይህ ለ31 ሲካፈል ትርፍ የለውም። ሥራው የሚደጋገመው ከሁለቶቹ ብዛት 2 በተቀነሰው ልክ ነው፤ እዚህ ሦስት ጊዜ። የመጨረሻው ትርፍ ዜሮ ከሆነ ቍጥሩ ብቸኛ ነው። አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይህን በደብተሩ ሊሠራው ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ ይለይ የነበረው ይህንኑ በሚሊዮን ጊዜ በሚሊዮን አኃዞች ላይ በመደጋገሙ ብቻ ነው።

የደቦው የመጀመሪያ ፍሬ በኅዳር 1996 ተገኘ፤ ዕድሉ የወጣለት ዦኤል አርማንጎ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር፤ ቍጥሩም 420,921 አኃዝ አለው። በ1998 ሮላንድ ክላርክሰን የተባለ የ19 ዓመት ተማሪ፣ በ2005 ማርቲን ኖቫክ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ተከተሉ። በ1999 ናያን ሐጅራትዋላ ያገኘው ቍጥር ከአንድ ሚሊዮን አኃዝ በላይ ያለው የመጀመሪያው ስለ ነበረ 50,000 የአሜሪካ ዶላር ሽልማት አስገኘ። በታኅሣሥ 2017 ዮናታን ፔስ አዲስ ቍጥር ያገኘው 14 ዓመት ያህል ከፈለገ በኋላ ነው።

ከዚህ ሌላ በ2005 የተቋቋመ ፕራይምግሪድ የሚባል የፈቃደኞች ድርጅት አለ። እርሱ ዘንድ ለተወሰኑ ቀናት የሚቆይ ውድድር ይታወጃል፤ ውድድሮቹ አንዳንድ ጊዜ በሒሳብ ሊቃውንት መታሰቢያ ይሰየማሉ። ተወዳዳሪዎቹ በቡድን ይሰለፋሉ፤ ነጥብም የሚሰጠው ብቸኛ ቍጥር ላገኘ ብቻ ሳይሆን የተሰጠውን ሥራ በትክክል ለጨረሰ ሁሉ ነው። ይህ ሕግ በእኔ አስተያየት ከውድድሩ ሁሉ የሚበልጥ ቁም ነገር ነው። ቍጥሩን መርምሮ «ብቸኛ አይደለም» ያለው ሠራተኛ ልክ እንደ ኮል አንድ እውነት አስመዝግቧል። እርሱ ያንን በር ባይዘጋው ኖሮ ሌላው ትክክለኛውን በር ለማንኳኳት ባልበቃ ነበር።

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እውነቱን ለመናገር፣ በሚሊዮን አኃዝ የሚቆጠሩት ቍጥሮች ለዕለት ሥራ አያገለግሉም፤ ምስጢር ለመጠበቅ በኮምፒዩተር ዓለም የሚሠራባቸው ብቸኛ ቍጥሮች በመቶ የሚቆጠሩ አኃዞች ያሏቸው ብቻ ናቸው። ጥቅሙ በሌላ በኩል ነው። በ1994 ቶማስ ናይስሊ የተባለ የኮሌጅ መምህር ስለ ብቸኛ ቍጥሮች ሲያሰላ ሒሳቡ አልገጥም ቢለው፣ ምክንያቱን ተከታትሎ በወቅቱ በዓለም በተሰራጨው የፔንቲየም ኮምፒዩተር ውስጥ የማካፈል ጕድለት እንዳለ ገለጠ። በ2016ም የዎልትማን ፕሮግራም በአዲስ የኢንቴል ሥሪት ላይ ጕድለት እንዲታወቅ አድርጓል።

ይሁን እንጂ ደቦው ዛሬ ፈተና ገጥሞታል። ከታኅሣሥ 2018 በኋላ ለስድስት ዓመት ያህል አዲስ ቍጥር አልተገኘም ነበር። በጥቅምት 2024 ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ 41,024,320 አኃዝ ያለውን፣ ከዚያ በፊት ከታወቁት ሁሉ የሚበልጠውን ቍጥር አገኘ። ያገኘውም በቤቱ ባለ አንድ ኮምፒዩተር አይደለም፤ በ17 አገሮች የተቀመጡ ብርቱ መኪናዎችን በገንዘቡ ተከራይቶ ነው። ታዲያ ባለጠጋው ብዙ ሠራተኛ ቀጥሮ ከመጣ የድኻው አንድ ማጭድ ምን ዋጋ አለው? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሆኖም ዱራንት የገባው ሌሎች ከ28 ዓመት በላይ ባረሱት እርሻ ላይ ነው። ፕሮግራሙም፣ ከፊቱ የተሰረዙትም ቍጥሮች የፈቃደኞቹ ሥራ ናቸው። ለሽልማት የተመደበለትን 3,000 ዶላርም ለተማረበት ለአላባማ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ቤት እንደሚሰጥ አስታውቋል። ብድሩ የማን እንደ ሆነ ዐውቋል ማለት ነው።

ለትምህርት ቤቶቻችን የሚሆነው ምክር እንግዲህ በልክ መሆን አለበት። አንደኛ፣ ያለ ፈቃድ አይሆንም። በ1998 በአሜሪካ አንድ ሰው በሚሠራበት የስልክ ኩባንያ ከ2,500 በላይ ኮምፒዩተሮችን ሳያስፈቅድ በዚህ ፍለጋ በማሰማራቱ የፖሊስ ምርመራ ደርሶበታል። ለበጎ ሥራ መሆኑ የሌላውን ንብረት ለመንካት ፈቃድ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ሲያሰላ የሚውል ኮምፒዩተር ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ይሞቃልም። መብራት በሚቆራረጥበትና ኮምፒዩተሩ ለብዙ ተማሪ በተራ በሚዳረስበት ትምህርት ቤት፣ የተማሪው ድርሻ ይቀድማል።

ደቦው ግን ኮምፒዩተር ለሌለውም ክፍል ክፍት ነው። 40 ተማሪዎች ያሉት ክፍል ከ1 እስከ 1000 ያሉትን ቍጥሮች ለእያንዳንዱ 25 እያደለ ሊካፈላቸው ይችላል። ለምርመራው ከ2 እስከ 31 ባሉት 11 ብቸኛ ቍጥሮች ማካፈል ይበቃል፤ ከ31 የሚቀጥለው ብቸኛ ቍጥር 37 ስለሆነ፣ እርሱም በራሱ ሲባዛ ከ1000 ያልፋልና። እያንዳንዱን ድርሻ ሁለት ተማሪዎች ለየብቻቸው ይመርምሩት፤ የማይስማማው ለሦስተኛ ይሰጥ። ሥራው ሲያልቅ የብቸኞቹ ቍጥር 168 ሊሆን ይገባል። ከ890 እስከ 906 ያሉት ቍጥሮች የደረሱት ልጅ በዚያ መካከል አንድም ብቸኛ አያገኝም፤ መምህሩ የዚያን ልጅ ሥራ እንደ ሌላው ሁሉ ተቀብሎ በመዝገቡ ቢጽፍለት፣ ልጁ ከሒሳቡ ሌላ ተጨማሪ ትምህርት ይዞ ይሄዳል።