ኳንተም አልጀብራ ወደ ሱፐር አልጀብራ ግዛት እንደ ገባ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 በሞስኮ የተማረው ሊቅ ቪክቶር ካትስ ውሱን ስፋት ያላቸውን፣ የማይከፋፈሉትን የሊ ሱፐር አልጀብራዎች ነገድ በነገድ ለይቶ ጻፈ። ጠባያቸውም እንዲህ ነው፤ አባሎቻቸው ከፊሉ ተጋማሽ፣ ከፊሉ ኢተጋማሽ ይባላሉ፤ ሁለት ኢተጋማሾች ቦታ ሲለዋወጡም የመቀነስ ምልክት ይመጣል። ቦሶንና ፌርሚዮንን በአንድ ሕግ ለማስተዳደር ይሹ የነበሩት የፊዚክስ ሰዎችም ይህንኑ ይፈልጉ ነበር።

ግዛቱ ግን በቀላሉ አልገዛ አለ። በጥንቶቹ ሰሚሲምፕል የሊ አልጀብራዎች ዘንድ ሄርማን ቫይል በ1925 ሥርዓቱን ደንግጎ ነበር፤ ውሱን ስፋት ያለው ውክልና (አልጀብራው በማትሪክሶች የሚገለጥበት መንገድ) ሁሉ ወደ ንዑሳን ክፍሎቹ ተፈትቶ ያልቃል፣ የእያንዳንዱም ካራክተር፣ ማለትም መለያው፣ በአንድ ቀመር ይገኛል። በሱፐሮቹ ዘንድ ግን ክፍሎቹ እንደ ተጣበቀ እንጀራ ሳይቀደዱ አይላቀቁም፤ የቫይልም ቀመር በብዙ ቦታ ይከዳል።

በሌላ ወገን በሌኒንግራድ የሉድቪግ ፋዴየቭ ደቀ መዛሙርት የኳንተም ሞዴሎችን በትክክል ለመፍታት ይደክሙ ነበር። ከእነርሱም ኩሊሽና ሬሸቲኪን በ1981 አንድ እንግዳ አልጀብራ አገኙ። በ1985 የካርኮቩ ቭላዲሚር ድሪንፌልድና የኪዮቶው ሚቺዮ ጂምቦ፣ ሳይመካከሩ፣ ነገሩን አስፋፉት፤ ድሪንፌልድም ኳንተም ግሩፕ ብሎ ሰየመው። በውስጡ ኪው የሚባል ተለዋዋጭ አለ፤ ኪው ወደ አንድ ሲጠጋ የቀድሞው አልጀብራ ይመለሳል። በ1990 ገደማም ሉስቲግና ካሺዋራ፣ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ፣ ለዚህ አልጀብራ ቀኖናዊ መሠረት፣ ማለትም ሌሎቹ አባሎች ሁሉ የሚገነቡበትን የተመረጠ የአባሎች ስብስብ፣ አወጡለት።

ወደ ሱፐሮቹ ስንመለስ፣ ቬራ ሰርጋኖቫ በ1996 ጂኤል የሚባለው ነገድ ሱፐሮች ያሏቸውን ውሱን ውክልናዎች ካራክተር የማስላት መንገድ አበጀች፤ መንገዱ ግን አድካሚ ነበር። በ2003 የኦሪጎኑ ጆናታን ብረንዳን ለካራክተሮቹ የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ኳንተም አልጀብራ ቀኖናዊ መሠረት ውስጥ ተጽፈው እንዳሉ አሳየ። ስሙም የወሰን የለሹ ጂኤል ኳንተም አልጀብራ ነው። እጅግ የሚያስገርመው ግን ይህ አልጀብራ ራሱ ከሱፐር ወገን አለመሆኑ ነው! የሱፐሮቹ ምሥጢር በባዕድ መዝገብ ተገኘ። ብረንዳን ከዚያ ሰፋ ላለው፣ ምድብ ኦ ለሚባለው የውክልናዎች ስብስብ፣ ግምት ብቻ ትቶ ነበር፤ ቼንግ፣ ላምና ዌይቺያንግ ዋንግ በ2015 ባሳተሙት ሥራ አረጋገጡት።

ኦርቶሲምፕሌክቲክ የሚባለው ሌላው የሱፐሮች ነገድ ግን ለዚህ ቁልፍ አልተከፈተም። በ2013 ሁዋንቸን ባኦና ይኸው ዋንግ ሌላ ቁልፍ አመጡ፤ ይኸውም ጌይል ሌትስተር ለሲሜትሪክ ስፔሶች ያጠናችው፣ በኳንተም ግሩፕ ውስጥ የሚኖረው ኮይዲያል ንዑስ አልጀብራ ነው። ሁለቱ አዲስ ቀኖናዊ መሠረት ሠሩለት፤ ከኦርቶሲምፕሌክቲክ ነገድ ሁለት ወገኖች የአንደኛው ካራክተር ከዚያ ተነበበ፤ ለሌላው ወገን ባኦ ብቻውን ጽፎ ጨመረ።