ልጁን ከእናቱ ጋር፤ ስለ ውጭ አገር ጉዲፈቻ ታሪክ

ማኅበራችንን ከሚደግፉ ወዳጆች መካከል አንዳንዶቹ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሡልናል። "በጅጋና በዙሪያው ይህን ያህል ወላጅ ያጡ ልጆች ካሉ ለምን የሕፃናት ማሳደጊያ አትከፍቱም? ገንዘቡን እኛ እናፈላልጋለን" ይሉናል። ከቅን ልብ የመጣ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን በሁለት መስመር ደብዳቤ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱ ከኋላው ረጅም ታሪክ አለው። ከአባሎቻችንም ታሪኩን በወሬ ካልሆነ በቀር ከሥሩ የሰሙት ጥቂቶች ናቸውና እዚህ ጽፈነዋል። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጆቹ ስንጠቅስ እንናገራለን።

የሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። "ጉዲፈቻ" የሚለው ቃል ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ ሕጋችንም የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። በአማራውም ዘንድ የጡት ልጅ የሚባል የቆየ ወግ ነበር። ጡት ወይም አውራ ጣት ማር ይቀባና ልጁ ይጠባል፤ ከዚያ ወዲያ ለዚያ ቤት እንደ ሥጋ ልጅ ይቆጠራል። የክርስትና ልጅም አለ፤ ክርስትና ያነሣች ሴት እናትየው ብትሞት ዝም ብላ መቀመጥ አይሆንላትም። በእነዚህ ወጎች ሁሉ ልጁ ሌላ ወላጅ ይጨመርለታል እንጂ የፊተኛው አይሰረዝበትም። አንባቢ ይህቺን ነገር ይያዝልን፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከእርሷ ነው።

ወጉን ግን ከመጠን በላይ አናሞግሰውም። ዘመድ ቤት የገባች የሙት ልጅ ስንት ጊዜ የቤት ሠራተኛ ሆና እንደቀረች፣ ወንዱም የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እርሱ ከብት ሲጠብቅ እንደዋለ ከእኛ የተሰወረ አይደለም።

በአንድ ወቅት ደግሞ የባዕድ ልጅ ተቀባዮቹ እኛ ነበርን። ይህን ለለጋሾቻችን ስንነግራቸው ይገረማሉ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ፣ በአርመን ገዳም ተጠልለው የነበሩ፣ ወላጆቻቸው በቱርክ በደረሰው እልቂት ያለቁባቸው ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሆነው ሲጫወቱ ሰሙ። አርባውን ልጆች ለማሳደግ ተስማምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። "አርባ ልጆች" የሚባሉት እነርሱ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ "ኢትዮጵያ ሆይ" የሚለውን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ (ግጥሙ የጎጃሙ ሰው የዮፍታሔ ንጉሤ እንደሆነ ይነገራል)። ልጆቹ ስማቸውንም ሃይማኖታቸውንም እንደያዙ ነበር የኖሩት። አርመን ሆነው መጡ፣ አርመን ሆነው ኢትዮጵያን አገለገሉ።

በደርግ ዘመን በኦጋዴን ጦርነት የወደቁ ወታደሮች ልጆች አላጌ በተሠራው የሕፃናት አምባ ያደጉ አሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩም ወደ ኩባ ተልከው ተምረዋል። ያ የመንግሥት ሥራ ነበር፤ ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ስለሆነ እናልፈዋለን።

የእኛን መልስ የሚመለከተው የወይዘሮ አበበች ጎበና ታሪክ ነው። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ሲሞቱ እርሳቸው ገና አራስ ነበሩ። በአያቶቻቸው እጅ አደጉ፤ በልጅነታቸው ሲድሯቸው ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። በ1972 ዓ.ም. ግድም፣ ትዳርና ሥራ ይዘው ሳለ፣ ለመሳለም ወደ ግሸን ማርያም ወሎ ወረዱ። አገሩ በረሃብ ተመትቶ ነበር። የያዙት ጥቂት ዳቦና ጠበል ነበር፤ አከፋፈሉት። ከሞተች እናቷ ጡት ላይ ያልተለየች ሕፃን አገኙ። ሁለት ልጆች ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ።

ባለቤታቸው ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ምረጪ አሏቸው። ልጆቹን መረጡ፤ ከሞቀ ቤታቸው ወጥተው በደሳሳ ጎጆ ቆሎና እንጀራ እየሸጡ አሳደጓቸው። ብዙ ሰው ታሪኩን እስከዚህ ያውቀዋል። ለእኛ ግን የሚበልጥብን የኋላው ነው። በስማቸው የተቋቋመው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ልጆችን በግቢ ሰብስቦ በማሳደግ ብቻ አልቆመም፤ እናቶችን ሙያ ወደ ማስተማር፣ ልጆችን በየቤታቸው እንዳሉ ወደ መደገፍ ሄደ። 21 ልጆች ይዘው መንገድ ላይ የወጡ ሴት፣ ከሥራው ብዛት የተማሩት ይህን ነው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ በ85 ዓመታቸው ዐረፉ።

አሁን ወደ ውጭ አገሩ ጉዲፈቻ እንምጣ።

ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ስዊድን፣ ወደ ሆላንድና ወደ ፈረንሳይ መሄድ ከጀመሩ ቆይተዋል። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ የሆነው ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የሙት ልጅ ማሳደግ ትልቅ አገልግሎት ሆኖ ተነሣ፤ ሳውዘርን ባፕቲስት የተባለው ትልቁ ጉባኤ በ2009 እ.ኤ.አ. ምእመናኑ ስለ ጉዲፈቻ እንዲያስቡ የውሳኔ ሐሳብ አወጣ። ቻይናና ጓቲማላ በራቸውን ሲያጠቡ የኢትዮጵያ በር ሰፊ ነበር። አንጀሊና ጆሊ በ1997 ዓ.ም. አንዲት ሕፃን መውሰዷም ወሬውን አራገበው። በ2004 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ የሄዱት ልጆች ከ300 ያነሱ ነበሩ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. 2,500 ገደማ ደረሱ።

እነዚህን ቤተሰቦች ክፉዎች አድርጎ መሳል ግፍ ነው። አብዛኞቹ ቤታቸውን አስይዘው፣ በጸሎት ቤታቸው ገንዘብ አሰባስበው፣ ልጅ ከሞት እናድናለን ብለው የመጡ ናቸው፤ በደኅና ቤት ያደጉ ልጆችም ብዙ ናቸው። የሚመሩበት ጥቅስ የያዕቆብ መልእክት 1፥27 ነበር። እኛም ያንን ጥቅስ ከቤተ ክርስቲያን እናውቀዋለን። ጥቅሱ ግን የሙት ልጁን ብቻውን አይጠራም፤ ባልቴቲቱንም አጠገቡ ያቆማታል። በዚያ አገልግሎት ውስጥ ልጁ ታየ፤ እናቱ ግን አልታየችም።

አለመታየቷ ከቁጥሩ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ 5 ሚሊዮን የሙት ልጆች አሏት ይባል ነበር። ዩኒሴፍ የሙት ልጅ ሲል ግን ከሁለት ወላጆቹ አንዱን ያጣውንም ይቆጥራል። ከእኛ አባላት የብዙዎቹ ልጆች በዚህ አቆጣጠር የሙት ልጆች ናቸው፤ ማታ ማታ ግን እናታቸው ጋግራ ታበላቸዋለች።

ሒሳቡን እንሥራው፤ ሙያችን ነውና ይፈቀድልን። አንድ ልጅ ወደ አሜሪካ ለመውሰድ የነበረው ጠቅላላ ወጪ ከ20,000 ዶላር በላይ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ምንዛሪው 16 ብር ገደማ ስለነበር 320,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ለ18 ዓመት ቢከፋፈል በወር 1,480 ብር ያህል ይደርሳል፤ በወቅቱ ብዙ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የማያገኘው ደመወዝ ነበር። እርግጥ ወጪው የአውሮፕላኑን፣ የጠበቃውን፣ የድርጅቱን ሁሉ ይጨምራል። በዚያው ዋጋ ግን እናትና ልጅ ሳይለያዩ ልጁ እስኪያድግ ይተዳደሩ ነበር። ይህን ሒሳብ ለእናቲቱ አስልቶ ያሳያት አልነበረም።

ከገንዘቡ የከፋው የቃሉ ነገር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ከላይ ያነሣነው የማሩ ወግ ማለት ነው። አሜሪካ ሲደርስ ግን የዚያ አገር ሕግ የፊተኛውን ዝምድና ይቆርጠዋል፤ ስሙም የልደት ወረቀቱም ይለወጣል። የፈረመችው እናት ልጄ ተምሮ ይመጣል፣ ይጽፍልኛል፣ ይጦረኛል ብላ ነው። የወሰዱት ሰዎች ደግሞ ልጁ ፈጽሞ የእኛ ሆነ ብለው ነው። አንድ ወረቀት ላይ ተፈራርመው የተስማሙት በሁለት የተለያየ ነገር ነበር።

በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ "ሜርሲ ሜርሲ" የተባለ የዴንማርክ ዘጋቢ ፊልም ይህን ያሳያል። ባልና ሚስት ኤችአይቪ በደማቸው ተገኝቶ መሞታችን ነው ብለው ሁለት ልጆቻቸውን ለዴንማርክ ቤተሰብ ሰጡ። መድኃኒቱ ደግሞ በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጥ ነበር። ወላጆቹ አልሞቱም። ስለ ልጆቻቸው ወሬ ይመጣላችኋል ተብለው ነበርና በየጊዜው ቢሮ እየተመላለሱ ሲጠይቁ ይታያል። ዴንማርክ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጉዲፈቻ መቀበሏን አቆመች።

በሐሰተኛ ወረቀት የሄዱም ነበሩ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በየካቲት 2006 ዓ.ም. የአንድ ጉዲፈቻ አስፈጻሚ ድርጅት ሰዎችን ሲከስ ካቀረበው ነገር አንዱ፣ ማሳደጊያው አንድ ቀን እንኳ አሳድሯቸው የማያውቃቸውን ልጆች በእጄ ነበሩ ብሎ የፈረመባቸው ውሎች ናቸው። ከተከሳሾቹ ጥፋታቸውን ያመኑ ነበሩ። ሰነድ ስንመረምር ለምንኖር ሰዎች ይህ ይሰቀጥጣል፤ በሐሰት ደረሰኝ የሚጠፋው ብር ነው፣ በሐሰት ውል የሚጠፋው ግን የልጁ አገር፣ የእናቱ ስም ነው።

ነገሩን ለሁሉ ያሰማው የሐና ሞት ነው። ወደ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በጉዲፈቻ የሄደች ልጅ ነበረች። በግንቦት 2003 ዓ.ም. ከቤት ውጭ በብርድ ሞታ ተገኘች፤ አሳዳጊዎቿም ከሁለት ዓመት በኋላ ጥፋተኛ ተብለው ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። ከሞቷ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 2003 ዓ.ም.፣ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ይስተናገድ የነበረውን የጉዲፈቻ ፋይል ወደ 5 አውርዶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በየዓመቱ ወረደ። ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ። እስከዚያ ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ከ15,000 በላይ ነበሩ።

ክልከላው ትክክል ነበር ብለን እናምናለን። ግን ከልካዩ ሕግ ብቻውን እንጀራ አይጋግርም። መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ባወጣው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ ልጅን በቤተሰቡና በማኅበረሰቡ መካከል መደገፍን አስቀድሞ፣ የማሳደጊያ ተቋምን መጨረሻ ላይ አድርጎታል። መመሪያው መልካም ነው፤ በጀቱ ግን ቀበሌ ድረስ አልወረደም። በቅርብ ዓመታት በክልላችን በተነሣው ግጭት ደግሞ አባት የሌለው ቤት በዝቷል፤ በፍኖተ ሰላምም በቡሬም በገጠሩም።

ለወዳጆቻችን የምንሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ግቢ አንሠራም። ግቢ ከተሠራ አልጋው መሞላት አለበት፤ አልጋውን የሚሞላው ደግሞ ድህነት የጠናባት እናት ልጅ ነው። የምትሰጡን ገንዘብ በእናቲቱ ወይም በአያቲቱ ስም በቁጠባ ደብተር ይግባ፤ ለበርበሬና ለበቆሎ ንግድ መነሻ፣ ለደብተርና ለዩኒፎርም ይዋል። ልጁ ዘመድ ቤት ካለ ትምህርት ቤት መግባቱን፣ ከብት ጠባቂ ሆኖ አለመቅረቱን የጎረቤት አባል እየሄደች ትይ። ፎቶ የሚነሣ ሕንፃ እንደማይኖራችሁ እናውቃለን፤ ለሪፖርት አይመችም። በየሩብ ዓመቱ የሚላክላችሁ የሒሳብ ሠንጠረዥ ግን እያንዳንዱን ቤት ያሳያል።

ከሄዱት ልጆች ብዙዎቹ አሁን ጎልማሶች ናቸው፤ እየተመለሱም ነው። "ቤተሰብ ፍለጋ" የሚባል፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የመረጃ መዝገብ አለ፤ በአንድ በኩል ልጆቹ፣ በሌላ በኩል ልጅ የሰጡ እናቶችና ወንድሞች ይመዘገቡበታል። ከልጆቹ አንዳንዶቹ አማርኛው ጠፍቶባቸው በአስተርጓሚ ነው እናታቸውን የሚያነጋግሩት። በእጃቸው ያለው ወረቀት እናት የለችም የሚል ሆኖ እናትየው በር ከፍታ የተቀበለቻቸው አሉ። ስለዚህ በማኅበራችን መዝገብ የእያንዳንዱን ልጅ የእናት፣ የአባት፣ የአያት፣ የክርስትና እናት ስም፣ ቀበሌና ጎጥ ሳይቀር እንጽፋለን፤ አንዱ ቅጂ በቢሮ፣ አንዱ ቅጂ በቤተሰቡ እጅ ይቀመጣል።