የጣሪያና ግድግዳ ግብር በፍርድ ቤት ፊት

በሸሪካት የምንኖር ኢትዮጵያውያን አብዛኞቻችን በኪራይ ቤት ነን። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የደቡብ ሱዳን የመሬት ሕግም ለውጭ ዜጋ መሬት በሊዝ እንጂ በባለቤትነት አይሰጥም። ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ ወገናችን ዓይኑ የሚያርፈው አገር ቤት ባለው ቤት ላይ ነው፤ ኮንዶሚኒየምም ይሁን የወላጅ ግቢ። አዲስ አበባ ላለው ቤታችን ግብሩን እየሄዱ የሚከፍሉልን ወንድም እህቶቻችን ናቸውና፣ በ2016 ዓ.ም. በዚሁ ግብር ላይ ስለተሰጠው ፍርድ ጥቂት ማለት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በተከታዩ ዓመት አዋጅ ቁጥር 80/1968 ወጣና በቦታው ላይ ኪራይ፣ በቤቱ ላይ ግብር ተጣለ። የቤቱ ግብር የሚሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያስገኛል ተብሎ በተገመተው ገንዘብ ላይ ነበር። ደርግ ሄደ፣ የብር ዋጋ ወረደ፣ ግምቱ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይታደስ ቆየ።

በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ግምቱን አድሶ ግብሩን በብዙ እጥፍ ከፍ አደረገ። እውነቱን ለመናገር አስተዳደሩ ምክንያት አልነበረውም አንልም፤ ከተማ ያለ ገቢ መንገድም ውሃም አያገኝም። ጥያቄው ግን ሌላ ነበር። ይህን ያህል ጭማሪ ያለ አዲስ ሕግ ማድረግ ይቻላል ወይ? እናት ፓርቲ ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ፍርድ ቤቱም ጭማሪው የሕግ መሠረት የለውም ሲል ፈረደ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የመሥሪያ ቤቶችን መመሪያና ውሳኔ ፍርድ ቤት እንዲያይ መፍቀዱም ለእንዲህ ያለው ክስ መንገድ የጠረገ ይመስለናል።

የቤት ግብር ግን በዚህ አልቀረም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017ን አጸደቀ፤ የሚሰላውም ከቦታውና ከቤቱ የገበያ ዋጋ ተነስቶ ነው። ጎተራም ሆነ ሰሚት ቤት ያላችሁ ቤተሰቦች፣ የክፍያ ማስታወቂያ ሲላክላችሁ በየትኛው ሕግ እንደተሰላ ዘመዶቻችሁን አስጠይቁ፤ የከፈላችሁበትን ደረሰኝም በየዓመቱ አሰባስባችሁ አስቀምጡ።