ሃም
ሃም የማንኛውም አሳማ ሥጋ መጠሪያ አይደለም፤ የኋላ እግሩ ታፋ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፊት ትከሻውን «ፒክኒክ ሃም» እያሉ ሲሸጡት ብታዩ ግን አትደናገሩ፤ የገበያ ልማድ ነው።

የገናና የፋሲካ ማዕድ አብሳዩን የሚያስቸግረው ከስሙ ፊት የሚቀጠለው ቃል ነው። «ሲቲ ሃም» በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ብዙውን ጊዜም በጭስ ታጥኖና በስሎ ይሸጣል። እንዲህ ያለውን በፋብሪካው እንደታሸገ ከገዙት ኦቨን ውስጥ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሞቅ ይበቃል። ላዩን በቢላ ሰንጥቆ ቅርንፉድ መሰካት፣ ወደ መጨረሻው ማር ወይም ቡናማ ስኳር መቀባት ነው ቀሪው። ስኳሩን ገና ከጅምሩ የሚቀባ ሰው የሚያወጣው የከሰለ ሥጋ ነው!

«ከንትሪ ሃም» ሌላ ነገር ነው። ቨርጂኒያና ኬንታኪ የሚታወቁበት ይህ ሃም በደረቅ ጨው ታሽቶ ለወራት የተሰቀለ ስለሆነ፣ ሙሉውን ለማብሰል አስቀድሞ ውሃ እየለወጡ መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። «ፍሬሽ ሃም» ጥሬ ነው፤ ውስጡ 63 ዲግሪ ደርሶ ከእሳት ከወጣ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይረፍ።

«ተርኪ ሃም»ስ? አሳማ ለማይበላው አብዛኛው ሐበሻ ይህ ሳይጠቅም አይቀርም፦ የተርኪ ታፋ ነው።