የአራዳ በረንዳዎችና ነፋስ

በአፄ ምኒልክ ዘመን የሕንድና የአርመን ግንበኞች አሻራ ያረፈባቸው የአራዳ ፎቅ ቤቶች መለያቸው የእንጨት በረንዳ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከተካሄደው የፒያሳ ፈረሳ ከተረፉት መካከል በመስታወት የተጋረዱት፣ የበጋ ነፋስ ሲነሳ ሌሊቱን ሲንኳኩ ያድራሉ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጮኸው መስታወቱ ነው። የያዘው ማስቲሽ ደርቆ ሲረግፍ ከእንጨቱ ጋር ይማታል፤ አሮጌውን ፍቆ በአዲስ መሙላት፣ በሚከፈተው መስኮት ጠርዝ ላይም ቀጭን ጎማ መለጠፍ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ በሰፋው ቀዳዳ ሚስማሩን መልሶ መምታት ትርፉ ድካም ነው፤ ወፈር ባለ ባለጎማ ብሎን ይተካ።

ሁሉንም ክፍተት መድፈን ግን ስህተት ነው። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ አየር ካጣ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ቀለምም የሚቀባው እንጨቱ በደረቀበት በበጋ እንጂ በሐምሌ አይደለም።

ከማስቲሽ የሚከብደው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ «የራሴ አይደለም» ብሎ በረንዳውን ይተወዋል። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ደግሞ የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 209 ለጥገና አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅ ደንግጓል። ድንጋጌው ተገቢ ነው፤ የላላ መስታወት ማጥበቅን ግን እንደ እድሳት ቆጥሮ ተከራዩን ፊርማ ፍለጋ ማመላለስ፣ በእኔ አስተያየት፣ ሕጉን ያለ ቦታው መጥቀስ ነው።