የሀረጎ ቁልቁለትና 30 ሚሊዮን ዓመቱ

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዙላ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ፣ ከወታደሩ፣ ከዝሆኑና ከመድፉ መሀል አንድ የሥነ ምድር ባለሙያ አብሮ ይጓዝ ነበር። ዊሊያም ቶማስ ብላንፎርድ ይባላል፤ የሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነው። ጄኔራል ናፒየር የአፄ ቴዎድሮስን እስረኞች ለማስፈታት ሲጣደፍ፣ የብላንፎርድ ሥራ በመንገዱ ላይ ያለውን አለትና እንስሳ መመርመር ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ የሆነውን አገር ያውቀዋል። እምብዛም ያልተወራለት ግን ያ ጉዞ የምድርን ታሪክ ከሥር ወደ ላይ እየተከተለ መሄዱ ነው። ጦሩ ከባሕሩ ሲነሣ የረገጠው እጅግ ጥንታዊውን ድንጋይ ነበር። አዲግራት ሲደርስ አሸዋ ድንጋይ፣ አንታሎ ላይ የኖራ ድንጋይ ገጠመው፤ ከአሸንጌ ወዲህ ደግሞ እስከ መቅደላ አምባ ድረስ በደረጃ የተደራረበ ጥቁር ድንጋይ ሆነ። ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ የጥቁሩን ድንጋይ የታችኛውን ክፍል በአሸንጌ፣ የላይኛውን በመቅደላ ስም ጠራው። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይና የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ዛሬም በዚያው ስማቸው ይጠራሉ። የዛሬው ደቡብ ወሎ በዓለም የሥነ ምድር መዝገብ ላይ ከሰፈረ እንግዲህ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ብላንፎርድ የትኛው ንብርብር ከየትኛው እንደሚቀድም ያውቃል። ዴንማርካዊው ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 ያስቀመጠው ሕግ አጭር ነው፦ ካልተገለበጠ በቀር የታችኛው ንብርብር የላይኛው ታላቅ ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት በዚህ ሕግና በቅሪተ አካላት እየተመሩ ዘመናቱን ካምብሪያን፣ ፐርሚያን፣ ጁራሲክ እያሉ ሰይመው በተራ ደርድረዋቸው ነበር። የጎደለው ቁጥሩ ነው። በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊሊያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1862 ለምድር የሰጣት ዕድሜ ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት ነበር። ቻርልስ ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ ከታተመ መቅደላ እስከተያዘች ድረስ ዘጠኝ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ ዝግመተ ለውጥ ደግሞ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ስለ ምድር ዕድሜ የተነሣው ክርክር የበረደው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ከተገኙ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካዊው ክሌር ፓተርሰን ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን መርምሮ የምድርን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ገደማ አደረሰው። ዛሬ የሚሠራበት ቁጥር 4.54 ቢሊዮን ነው።

የወሎ ጥቁር ድንጋይ ቁጥሩን ያገኘው ከዚያም ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ገዛኸኝ ይርጉንና ኤፍሬም ከተፎን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን ከፈረንሳይ ባልደረቦቻቸው ጋር በኔቸር መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ ባዛልት የተባለው የሰሜን ኢትዮጵያ ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ በ1 ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደፈሰሰ አሳየ። ስሌቱ የተመሠረተው በአርጎን ላይ ነው። በድንጋይ ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ፖታሲየም ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲረጋ ግን እዚያው ይጠራቀማል። የተጠራቀመውን የለካ ድንጋዩ የረጋበትን ጊዜ ያውቃል።

ያኔ የፈሰሰው ቅልጥ አለት የመንንም ጨምሮ 600,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት እንደሸፈነ ይገመታል። ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እሳቱ የወጣው እንደ ብዙዎቹ የዛሬ እሳተ ገሞራዎች ከአንድ ጫፍ ሳይሆን በረጃጅም ስንጥቆች ነበር። የቶሳ፣ የአምባሰልና የመቅደላ ተራሮች የዚያ ዘመን ሥሪት ናቸው። ከደሴ ደቡብ ምዕራብ ያለው የጉጉፍቱ ተራራ የተከመረው ዘግይቶ፣ የዛሬ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሀረጎ የሚወርድ መንገደኛ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። መንገድ ሠሪ ገደሉን የቆረጠበት ቦታ ላይ ቆም ብሎ ላስተዋለ፣ ጥቁሩ ድንጋይ አንድ ወጥ አለመሆኑ ይታያል። አንዱ ፍሰት ሌላው ላይ ተቀምጧል። ሲቀዘቅዝ ስለተኮማተረ አንዳንዱ እንደ ቋሚ ምሰሶ ተሰነጣጥቋል። ጋዝ ያመለጠባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች በነጭ ማዕድን ተሞልተው ድንጋዩን ዥንጉርጉር ያደርጉታል። በፍሰቶች መካከል አልፎ አልፎ የሚገኘው ቀይ መስመር ደግሞ አፈር ነው፤ አንዱ ፍሰት ረግቶ፣ ዝናብ መትቶት፣ አፈር ሆኖ ዕፅዋት ካበቀለ በኋላ ቀጣዩ ቅልጥ መጥቶ ጠብሶታል። እያንዳንዱ ቀይ መስመር በሁለት እሳቶች መካከል የነበረ የዕረፍት ዘመን ነው።

30 ሚሊዮን ዓመት ብዙ ይመስላል። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለውን ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ የምድር ዕድሜ ነው እንበል፤ አዲስ አበባ የምድር ልደት፣ ደሴ ደግሞ ዛሬ ይሁኑ። አስተማማኝ የሕይወት ምልክት የሚገኘው ሸኖ ካለፈ በኋላ፣ ደብረ ብርሃን ሳይደረስ ነው፤ 3.5 ቢሊዮን ዓመት። እስከ ደብረ ሲና ያለው ሕይወት በዓይን የማይታይ ነው፤ አየሩ ኦክስጅን ማግኘት የሚጀምረውም እዚያው ደብረ ሲና አካባቢ ነው። ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ታልፈው ሐርቡ ሲደረስ ካምብሪያን ይገባል፤ ባሕሩ ዛጎልና እግር ባላቸው እንስሳት ይሞላል። ዳይኖሰሮች ከኮምቦልቻ በኋላ በሀረጎ አቀበት መጀመሪያ ብቅ ብለው፣ ለደሴ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ይጠፋሉ። የወሎ ባዛልት የሚፈስሰው በመጨረሻዎቹ 3 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነው። ድንቅነሽ 280 ሜትር፣ የእኛ ዝርያ 26 ሜትር ሲቀር ይታያሉ። ከአክሱም ገናናነት እስከ ዛሬ ያለው አንድ ስንዝር አይሞላም።

ከባዛልቱ በፊት የነበረውን ለማየት ወንዞች አገሩን በጥልቀት ወደቆረጡበት፣ ወደ ዓባይና ወደ ጀማ ሸለቆ መውረድ ያስፈልጋል። እዚያ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን አካባቢው በባሕር ተውጦ እንደነበር ይመሰክራል። ባሕሩ ሲሸሽ በተተካው ጭቃ ውስጥ ደግሞ የየብስ እንስሳት አጥንት ቀርቷል። ደቡብ ወሎንና ሰሜን ሸዋን በሚያዋስነው የጀማ ተፋሰስ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዚሁ አካባቢ የታተመው ግኝት ከሁሉ ያንሳል፤ በዳይኖሰሮች ዘመን የኖረች የአንዲት ትንሽ አጥቢ እንስሳ ጥርስ ነው።

እሳቱስ ሕይወትን አላጠፋም? ባለበት ጊዜ ከሥሩ ያለውን ሁሉ አቃጥሏል፤ ሲበርድ ግን ደን፣ ረግረግና እንስሳ ተመልሰዋል። በውጫሌ አካባቢ በእሳተ ገሞራ ንብርብሮች መካከል የሚገኘው የድንጋይ ከሰል የዚያ ዕፅዋት ቅሪት ነው። ከጎንደር በስተምዕራብ ጭልጋ ላይ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ ደለል ውስጥ፣ የዝሆን ዘመዶችና አርሲኖይቴሪየም የተባለ ሁለት ግዙፍ ቀንድ ያለው እንስሳ ተገኝተዋል። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ ሲሆን ክብደት ነበረው፤ አፍሪካና ዓረቢያ ከእስያ ጋር ከመገናኘታቸው በፊት በዚህ ደጋ የትኞቹ እንስሳት ይኖሩ እንደነበር አሳይቷልና።

ደላንታም የራሱን ድርሻ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል የሚወጣው በአብዛኛው ከ1 ሜትር ከማይበልጥ ቀጭን ንብርብር ነው። ንብርብሩ ከፍንዳታ የወደቀ አመድ ነበር፤ ወደ አፈርነት ሲለወጥ ውሃ ከውስጡ ሲሊካ እያሟሟ በየቀዳዳው አረጋው። በከበሩት ድንጋዮች ውስጥ የዕፅዋት ቅሪት መገኘቱ ቦታው አንድ ጊዜ አረንጓዴ መሬት እንደነበር ያሳያል። ደረቁ የደላንታ ኦፓል ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ውሃውን ይጠጣል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ብርሃንም ያሳልፋል፤ ሲደርቅ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ቆፋሪዎቹ ያንን ቀጭን መስመር ተከትለው ገደሉን በዋሻ እየሰረሰሩ ይገባሉ፤ ሥራው ለሕይወት አስጊ ነው።

ባዛልቱ ከፈሰሰ ብዙም ሳይቆይ መሬቱ መሰንጠቅ ጀመረ። ከ29 እስከ 26 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ የዓረቢያ ምድር ከአፍሪካ መለየት ያዘ፤ የዛሬው አፋር እየሰመጠ የወሎ ደጋ ከፍ ብሎ ቀረ። ደሴ በቶሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠችበት ጎድጓዳም፣ ከሥሯ ያለው የኮምቦልቻ ሜዳም በዚህ ስብራት የሰመጡ ናቸው። የቦርከና ወንዝ ደሴን አቋርጦ ሀረጎ ሥር ከደረሰ በኋላ በቀጥታ ወደ አፋር አይወርድም። በስተምሥራቅ ያለው ተረተር ያግደውና ሸለቆውን ይዞ ወደ ጨፋ ወደ ደቡብ ይታጠፋል።

ይህ ስብራት ለሰው ልጅ ታሪክ ትልቅ ውለታ ውሏል። የቀለጠ አለት አጥንት አያስቀርም፤ አጥንት የሚቆየው ወንዝና ሐይቅ ደለል ባለበሱት ቦታ ነው። ከደጋው የወረደው ደለል የተጠራቀመው አፋር ላይ ሲሆን፣ በመካከሉ የወደቀው የእሳተ ገሞራ አመድ ደግሞ ዕድሜውን ያሳውቃል። የሚሌ ወንዝ ከሐይቅ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ከተሁለደሬ ደጋ ተነሥቶ ዞሮ ወደ አፋር ይገባል። በዚያው በወራንሶ ሚሌ በዮሐንስ ኃይለሥላሴ የሚመራው ቡድን በ2008 ዓ.ም. 3.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ፣ ሙሉ ለሙሉ ለማለት የሚያስደፍር የራስ ቅል አግኝቷል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳርም ያኔ በወሎ አስተዳደር ሥር ነበር። ከድንቅነሽ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ እዚያው የጥንት ሰው መንጋጋዎችን ያገኘው ዓለማየሁ አስፋው ነው፤ ስሙ ከእሷ ስም ጋር አብሮ ሊነሣ ይገባል።

ከሁሉ የቅርቡ ዘመን የተመዘገበው ሐይቅና አርዲቦ በተባሉት ሁለት ሐይቆች ሥር ባለው ጭቃ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎች ከጭቃው ውስጥ የአበባ ብናኝ እየለቀሙ የ3,000 ዓመት የደን ታሪክ አውጥተዋል። የዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ የዝግባና የጽድ ደን ተመንጥሮ ቁጥቋጦና ሣር ተተካ። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባሉት ዓመታት ጽዱና ወይራው ተመልሰው አደጉ፤ ከዚያ ወዲህ እንደገና ተመናመኑ። የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት በዚህ ሐይቅ ላይ ሲጸልዩ ከኖሩባቸው ዘመናት ከፊሉ ደኑ ያገገመበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

ስብራቱ ሥራውን አልጨረሰም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራቆሬን ማዕከል ያደረገ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሶ፣ ዋናውን የአስመራ መንገድ ሰነጣጥቋል። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ የነበሩት አባ ፒየር ጉዌን የዚህን መንቀጥቀጥ ታሪክ በዝርዝር ጽፈውታል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ደሴ ላይ አደጋው ሌላ መልክ አለው። የበሰበሰው ባዛልት፣ በተዳፋቱ ላይ የተከመረው ልል አፈርና የክረምት ዝናብ ሲገናኙ መሬቱ ይንሸራተታል፤ የቦርከና ገባሮችም ሥሩን ይቦረቡሩታል።

ተዳፋት ላይ ቤት ከመሠራቱ በፊት ከሥሩ ያለው ጽኑ አለት ነው ወይስ ልል ክምር የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት። ጥያቄውን የሚመልሱ ወጣቶችን ማፍራት ደግሞ ሩቅ አገር መሄድ አይጠይቅም። አንድ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ መምህር ተማሪዎቹን በአንድ ቀን ሀረጎ ላይ ቀዩን መስመር፣ ኮምቦልቻ ላይ የሰመጠውን ሜዳ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐይቅን ሊያሳያቸው ይችላል፤ ሦስቱም በአንድ የአስፋልት መስመር ላይ ናቸው።