ማክሮ ያለው ቴሌፎቶ ዙም ሌንስ

ማክሮ ያለው ቴሌፎቶ ዙም ሌንስ፣ የትኩረት ርዝመቱ እንደ ፈቃድ የሚለዋወጥ፣ ሩቁን አቅርቦ፣ በቅርብ ያለውንም ረቂቅ ፍጥረት አግዝፎ የሚያሳይ የፎቶግራፍ መሣሪያ ነው። ለ35 ሚሊ ሜትር ፎቶ ካሜራ የተሠራው የመጀመሪያው ዙም፣ ፍራንክ ባክ የነደፈው ዙማር፣ በ1959 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዋጋቸው መጠነኛ ከሆኑት ማክሮ ያላቸው ዙሞች መካከል የታምሮንና የሲግማ ኩባንያዎች ባለ 70–300 ሚሊ ሜትር ሌንሶች፣ በጎናቸው ያለው የማክሮ መቀየሪያ ሲገፋ፣ ከ1.5 ሜትር ይልቅ እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ቀርበው ያነጣጥራሉ፤ ምስሉም የነገሩ እኩሌታ ስለሚሆን፣ 2 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም ጥንዚዛ በፊልሙ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ሆና ትቀረጻለች። ፍጹም ማክሮ ግን 1 ለ 1 የሚቀርጸው ነው። በ300 ሚሊ ሜትር የብርሃን መግቢያቸው ከኤፍ 5.6 ስለማይሰፋ፣ መራጩ መግጠሚያው ከካሜራው ጋር ከመስማማቱ ሌላ፣ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ስልት መኖሩን አስቀድሞ ይመረምራል፤ ይህ ስልት ከሌለ በደብዛዛ ብርሃን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ያሻል።